የእትዬ ጽጌ መርዶ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ልነግራቸው ብዬ ሄጄ ነበር። አንዱን ጊዜ ስለ ጾም አውርቼ ተመለስኩ። በሌላው ጊዜ ደግሞ ገና "አባቴ" ከማለቴ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አይዞህ አሉኝ፤ እኔ ግን እያለቀስኩ እንባዬ በየትኛው ጉንጬ እንደሚወርድ እከታተል ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊታቸው መቆም አፈርኩ። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ላስቀድመው። እኔ ሙሉጌታ፣ በሕይወት ያሉ ሴት ሞተዋል ብዬ ለባላቸው መርዶ ነግሬያለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ ሰው አሳስቶኝም አይደለም። ሴትዮዋ ደህና እንደሆኑ አውቅ ነበር፤ በማግስቱ ሊመጡ እንደሆነም አውቅ ነበር። አውቄ ነገርኩ። የቀረው ወሬ እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ነው፤ እሱን ስተርክላችሁ ሰበብ የምደረድር ከመሰላችሁ አትመኑኝ።

ኑሮዬ ሎስ አንጀለስ ነው። በሥራ ቀን ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ አመላልሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተዋናይ ነበርኩ። ተዋናይ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ናሆም የሚባል ጎረምሳ ሚድ ሲቲ ባለው አፓርታማው ውስጥ ተከታታይ ድራማ እየቀረጸ እሑድ ማታ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። ሳሎኑ ሳሎን ነው፤ መኝታ ቤቱ ነጭ አንሶላ ሲለብስ ሆስፒታል ይሆናል፤ ኮሪደሩ አንዳንዴ ፍርድ ቤት ነው። ለእኔ የደረሰኝ አቶ ደምሴ የሚባል ኩሩ ሽማግሌ ነበር፤ ከሚስቱ ተኳርፎ ለብቻው የሚኖር። ዕድሜዬ ገና ስለነበር ፀጉሬ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነስብኛል።

ደምሴን ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነበር የሚጫወተው። ሲያትል ሥራ አገኘና ጥሎን ሄደ። ተመልካቹ ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር። ጥቂት ሳምንት "ይሄ ደግሞ ማነው" አሉ፤ ከዚያ ረሱት። ፊቱ ተለውጦ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ ቁመቱ እንኳ አጥሮ፣ ደምሴ ደምሴ ሆኖ ቀጠለ። ያኔ ስቄበታለሁ። ኋላ ኋላ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ሆነ። ሁሉ ነገሩ ተለውጦ ያው ሰው ከተባለ፣ ያው የሆነው ምኑ ነው?

እውነቱን ለመናገር አልችልበትም ነበር። ናሆም አንድ ቀን ካሜራውን አጠፋና፣ "ሙሌ፣ ሶ... አክት እያደረግክ መሆንህ ያስታውቃል። አንድ ሽማግሌ ፈልግና ስተዲ አድርገው" አለኝ። ፈለግኩ፤ አገኘሁም።

ጋሽ ሰይፉን የአበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የማያውቃቸው አልነበረም። በተማሪነት መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በንድፍ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ግሮሰሪ ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለች ወንበር የእሳቸው ነበረች፤ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ተነሳ አይሉም። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ የደረት ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፤ ከዚያ "እኔ" ሲሉ ሌባ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ይተክላሉ። ያንን ጣት ባየሁበት ቀን ደምሴን አገኘሁት ብዬ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ወዳጅ መስዬ ተጠጋኋቸው። መስዬ ማለቴን ልብ በሉ። መኪና መንዳት አቁመው ስለነበር ፓልምስ ካለው ቤታቸው እያመጣሁ እመልሳቸው ጀመር። "አንተ ልጅ፣ የወለደችህ ትባረክ" ይሉኛል። እኔ መንገዱን የማይ መስዬ በጎን እሳቸውን አያለሁ። ሲስቁ ትከሻቸው ይቀድማል። ሲናደዱ ድምፃቸው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ በአንድ እደግማቸዋለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ከልጃቸው ከሳባ ጋር ዌስትውድ ይኖሩ ነበር፤ አሁንም እዚያው ናቸው። ባልና ሚስቱ የተለያዩት በአንድ ንግግር ነው። ጋሽ ሰይፉ በሰው ፊት አንድ ክፉ ቃል ተናገሯቸው፤ እሳቸውም ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፤ አልተመለሱም። ሽማግሌ ተላከ፣ ቄስ ተላከ፤ ጋሽ ሰይፉ "እኔ አልጠራትም" ብለው ጣታቸውን ተከሉ። ይህን ፌርፋክስ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም የማያውቀውን ግን አንድ ቀን ፒኮ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ ለእኔ ነገሩኝ።

"ሙሉጌታ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የምላትን እለማመዳለሁ" አሉ ወደ ውጭ እያዩ። "ጽጌ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለሽም፣ እላታለሁ። ስልኩን ሳነሳ ግን ሌላ ሰው ሆኜ እገኛለሁ።"

መብራቱ ለቀቀን፤ ነዳሁ። ቤታቸው አድርሼ፣ ደግፌ ደረጃ አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ገና መኪናዬ ውስጥ ሳልገባ ለናሆም ደወልኩና ቃል በቃል ሰጠሁት። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን አፋቸው ላይ ደርሶ የሚመለስባቸውን ቃል እኔ በአንድ ስልክ አወጣሁት። ያኔ ስርቆት አልመሰለኝም። ምን ወሰድኩባቸው? ቃሉ አሁንም እሳቸው ጋ አይደለም?

ድራማው ተወደደ። መንገድ ላይ እናቶች እያስቆሙ "አንተ ልበ ደንዳና፣ ምስኪኗን ሴት ለምን አትጠራትም" ይሉኝ ጀመር። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ፤ ለሁሉም ደምሴ ሆንኩ። ደስ አለኝ። ከኤርፖርት ሻንጣ ሲያወጣ ሲያወርድ የሚውለው ሙሉጌታ ማን ነው? ማንም ዞሮ አያየውም። ደምሴን ግን ሰው ይቆጣዋል፤ መቆጣት ደግሞ መታየት ነው።

ጋሽ ሰይፉም ያዩናል፤ ሳባ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት አገናኝታላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር፤ "ይሄ ሰውዬህ እኔን እኔን ይሸታል" ይላሉ። ከዚያ መርሳት ጀመራቸው፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ኋላ ምሳ መብላት አለመብላታቸውን። አንድ ቀን ልወስዳቸው ስሄድ እያነከሱ በሩን ከፈቱልኝ። ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አሉ። የት ደረጃ ብዬ ስጠይቃቸው የናሆምን አፓርታማ ደረጃ፣ ቀዩን ምንጣፍ ሳይቀር ነገሩኝ። እዚያ ረግጠው አያውቁም። በዚያ ሳምንት የወደቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ደምሴ ሆኜ፣ ካሜራ ፊት። ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ጉልበታቸውን አሳዩኝ። በልዟል። የእኔ ጉልበት አልበለዘም ነበር፤ ከሥር ፍራሽ ተነጥፎልኛል። ከአልጋ ጋር ተጋጭተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከበላያቸው ያለው ፎቅ ላይ ሚስስ ካማላ የሚባሉ የስሪላንካ ሴት ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ቡድሂዝም ነው። ከሰዓት በኋላ ይወርዱና ከጋሽ ሰይፉ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ድራማችንን ያያሉ። አማርኛ አንድ ቃል አይሰሙም። ምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው፣ ሰዎቹ "እኔ" ሲሉ ያስታውቃል አሉኝ፤ ሰው በየትኛውም ቋንቋ እኔ ሲል አንገቱ ይደድራል።

በእነሱ ትምህርት "እኔ" ተብሎ ለብቻው ተለይቶ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። አካል አለ፤ ስሜት አለ፤ ትዝታ አለ፤ ሐሳብ ይመጣል ይሄዳል። እነዚህ ተያይዘው ሲሄዱ እኛ ስም አውጥተን ሰው እንላቸዋለን። በእጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳዩ፣ እንደ ድራማችሁ ነው አሉኝ። የዛሬው ክፍል የባለፈው ሳምንት አይደለም፤ ከእሱ ጨርሶ የተለየም አይደለም፤ ያኛው ባይኖር ይሄኛው አይመጣም። ጋሽ ሰይፉ በመካከላችን አንቀላፍተው ነበር። ፊታቸው ላይ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ይለዋወጣል፤ አንዴ እኔን ይመስላሉ፣ አንዴ ማንንም አይመስሉም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ነፍስ እንዳለኝ እየተነገረኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ያን ቀን የሰማሁትን ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት አሁን ይገባኛል። "እኔ" የሚባል ከሌለ የሰረቀም የለማ። ሴትዮዋ ለሰው ልጅ መከራ መድኃኒት ብለው የያዙትን ትምህርት እኔ ለማምለጫ በር አደረግኩት።

ከዚያ ሚስቴን የምትጫወተው ልጅ ቴክሳስ ልትዛወር ሆነ። ናሆም ሌላ ሴት ከምናመጣ እንግደላት አለ። የቀብሩን ክፍል ቀረጽን። ደምሴ ባዶ ሣጥን ላይ ተደፍቶ፣ ጩኸቱ ፌርፋክስ ድረስ የሚሰማ እስኪመስል አለቀሰ፤ መጨረሻ ላይም "አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለሽም" አላት። እሑድ ማታ ተለቀቀ። የከተማው አበሻ ሲያለቅስ አደረ። እኔም ራሴን እያየሁ አለቀስኩ፤ ይህ ሲነገር እንዴት ያሳፍራል።

በማግስቱ ሳባ ደወለችልኝ።

"ሙሌ፣ አባዬ ከል ለብሶ ቁጭ ብሏል። የእማዬን ለቅሶ ተቀምጧል። አልሞተችም፣ ደህና ናት ስለው፣ እንደሱ ነው ሁልጊዜ የሚባለው ይለኛል።"

እኛ እንዴት እንደሆንን ታውቃላችሁ። ለሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይመካከራል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን የማይሆንበት ቀን ይመረጣል፤ ማልደው ተሰብስበው ይሄዳሉ። እስከዚያ ድረስ ሟቹ "ደህና ነው" ይባላል። በዚህ አገር ደግሞ ርቀቱ ስለሚያመች ለወራት "ደህና ነው" የተባለለት ብዙ ሬሳ አለ። ጋሽ ሰይፉ ራሳቸው የእናታቸውን ሞት የሰሙት እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ሳባ ደህና ናት ባለች ቁጥር መርዶው ይበልጥ ይረጋገጥባቸዋል። እናቷን በስልክ አገናኘቻቸው፤ "የኔ ልጅ፣ ድምፅሽ እሷን ይመስላል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉ። ሰው በሕይወት መኖሩን ለማስረዳት ከመማል ሌላ ምን አለ? እኛ ደግሞ ሞት ስንደብቅ እንምላለን።

ሳባ ሌላም ነገር ነገረችኝ። እናቷ የቀብሩን ክፍል አይተው ነበር። ያችን ቃል ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ይህ የሰይፉ አነጋገር ነው፣ ይህን ያለው እሱ ነው ብለው አለቀሱ። ስንት ሽማግሌ ያላንቀሳቀሳቸው ሴት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላቸው ቤት ሊሄዱ ወሰኑ።

"ፕሊዝ ሙሌ" አለችኝ። "እሱ ያመነው ያንተን ፊት ነው። ሂድና ድራማ ነው በለው። ካንተ ከሰማ ይቀበላል። አለበለዚያ እማዬ መጥታ አይቀበላትም።"

እሺ አልኩ። ቅዳሜ ቀረጻ ነበረን፤ የሰልስቱን ክፍል። ስንጨርስ በቀጥታ ወደ ፓልምስ ነዳሁ። ጥቁሩን ኮት አላወለቅኩም፤ ዱቄቱንም ከፀጉሬ አላጠብኩም። ናሆም ቤት ውኃ ነበር፤ ሳሙና ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ። ይህን የምነግራችሁ ክፋቱ የጀመረው በሩ ላይ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። ጺማቸው አድጓል፤ ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል። ቆመው አዩኝ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት አለ፤ በትከሻቸው በኩል ወደዚያ ተመለከትኩና ሁለት ሽማግሌ አየሁ፤ አንዱ ጀርባውን፣ አንዱ ፊቱን የሰጠ። ፊቱን የሰጠኝ እኔ እንደሆንኩ ለማወቅ እጄን ማንሳት ነበረብኝ።

"ሰይፉ፣ መጣህ?" አሉኝ።

የጠሩኝ በራሳቸው ስም ነው። ገባሁ። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የእኔም ጉሮሮ ተከትሎ ተጠረገ። የደረት ኪሳቸውን ሊዳብሱ እጃቸውን ሲያነሱ የእኔ እጅ ቀድሟቸው ኪሴ ላይ ነበር። አልደነገጡም። እኔ ነበርኩ የደነገጥኩት።

"እነሱ ይደብቁኛል" አሉ። "አንተ አትዋሸኝም። እዚያ ነበርክ፤ ሣጥኑ ላይ ተደፍተህ አይቼሃለሁ። ጽጌ ሞታለች?"

እዚህ ላይ ልቁም። የምለው ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። መኪና ውስጥ ስለማመደው መጥቻለሁ፤ ጋሼ፣ እኔ ሙሉጌታ ነኝ፣ ያዩት ድራማ ነው፣ እትዬ ጽጌ ነገ ይመጣሉ። ምላሴ ላይ ነበር። ታዲያ ለምን አልወጣም? አሳዘኑኝ ልበል? ግራ ገባኝ ልበል? ማንነቴ ጠፋብኝ፣ እሳቸውን ሆኜ ነበር ልበላችሁ? ይህን የመጨረሻውን ለብዙ ጊዜ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ሲሰሙትም ደስ ይላል። ውሸት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደምሴ ቤቱ ለብቻው ተቀምጦ ሲያለቅስ መቅረጽ ነበረብን። ጋሽ ሰይፉ ሲስቁ አውቃለሁ፤ ሲናደዱ አውቃለሁ፤ ሲያለቅሱ ግን አይቼ አላውቅም። ማየት ፈለግኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

"አዎ" አልኩ፣ በእሳቸው ድምፅ። "ሞታለች። እኔው ቀበርኳት።"

ድምፅ አላወጡም። ሁለቱንም መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው፣ የያዙት ነገር የወደቀባቸው ይመስል። ከንፈራቸው ሳይነቃነቅ አገጫቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ አገጫቸውን አጠናሁ። ከዚያ እንደምንም ተነሱና መጥተው አቀፉኝ፤ "አይዞህ ሰይፉ፣ አይዞህ" አሉኝ። መርዶ የነገርኳቸው ሰው እኔን አጽናኑኝ። እኔም እንደ ሐዘንተኛ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ስወጣ ሚስስ ካማላ ደረጃው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። "ሚስተር ሰይፉ፣ ዛሬ ወጣ አሉ? ጥሩ ነው" አሉኝ። አላረምኳቸውም። እጄን አንስቼ በጋሽ ሰይፉ አረማመድ ደረጃውን ወረድኩ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼም ሞተሩን ለማስነሳት ያህል የራሴን እጅ ፈለግኩት።

ለሳባ ደወልኩና ነግሬያቸዋለሁ፣ የገባቸው ይመስለኛል አልኳት። አመሰገነችኝ።

እሑድ ሳባ እንድገኝላት ስለለመነችኝ እዚያ ነበርኩ፤ ታጥቤ፣ የራሴን ልብስ ለብሼ። ጋሽ ሰይፉ እኔን ከለቅሶ ደራሽ ለይተው አላዩኝም። እትዬ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብሳቸው መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ሰይፉ በአክብሮት ተነሱ። "ይግቡ፣ ይግቡ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ለሐዘን ለመጣ ሰው የሚሰጠውን ወንበር ሰጧቸው። የጽጌ ዘመድ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁ።

"ሰይፉ፣ እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ጽጌ። "ጽጌ ነኝ።"

ጋሽ ሰይፉ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ሳባ እጄን ጨበጠችኝ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሊመጣ ሲል አየሁ፤ እምላለሁ አይቻለሁ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ።

"በጣም ይመስሏታል" አሉ ቀስ ብለው። "እሷም እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። እኔ ራሴ ነኝ የቀበርኳት።"

ሳባ ዞራ አየችኝ። ለእሷ ዓይን የሚሆን ፊት ነበረኝ፤ ያዘነ፣ ግራ የገባው፣ የሚችለውን ያደረገ ሰው ፊት። አመነችኝ። በሽታው ነው ብላ ለእናቷ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ጋሽ ሰይፉ ግን መናገር ጀምረው ነበር። ለሟቿ ያልደረሰውን ቃል ለእኚህ መልካም እንግዳ ነገሯቸው፤ ክፉውን ንግግር፣ የጠዋቱን ልምምድ፣ አንስተው የመለሱትን ስልክ። እትዬ ጽጌ ስንት ዓመት የጠበቁትን ይቅርታ የሰሙት እንደ ራሳቸው ለቅሶ ደራሽ ሆነው ነው። ሲጨርሱም "እግዜር ያጽናዎት" ብለው ተነሱ። ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዤ ሳወርዳቸው ቆሙ።

"ይቅር ብዬሃለሁ ልለው ነበር የመጣሁት" አሉኝ። "አሁን የምለው ማን ሆኜ ነው?"

ዓመቱ ሳይዞር ጋሽ ሰይፉ አረፉ፤ ከሉን አላወለቁም። የደምሴ ለብቻው ማልቀስ በእሳቸው አገጭ ተቀርጾ ወጣ፤ ከሁሉ ክፍል እሱ ተወደደ። እንዲህ ዝም ብሎ ማልቀስ ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ከላይ ነው የሚሰጠው እያልኩ ኖሬያለሁ።

ድራማው ካበቃ ቆይቷል፤ ናሆም ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። እኔን ግን አልለቀቀኝም። መንገደኛ ጭኜ ስነዳ ጉሮሮዬ ሳላዘው ይጠረጋል። ፀጉሬ አሁን ዱቄት አያስፈልገውም። አንዳንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምለማመደው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ሚስስ ካማላን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኳቸው፤ "እኔ" የሚባል ከሌለ፣ አንድ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ያደረገው በደል የማን ነው? ሻይ ቀዱልኝ፤ ታሪኩ የማን እንደሆነ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ ያደረገውን ሰው ፈልገው፣ አታገኘው ይሆናል፤ የተደረገውን ግን ፈልገው፣ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ። የማምለጫዬን በር የዘጉት ትምህርቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ካለፈው ክፍል ይሄኛው እንደሚመጣ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ የሰማሁት የጣመኝን ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት አንድ በደል ነው። ሁለተኛውን ላክል።

ባለፈው ወር እትዬ ጽጌን ከፌርፋክስ ወደ ዌስትውድ ላደርሳቸው መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸው። ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ ለሰይፉ የለፋህ ልጅ ይሉኛል። ቤታቸው አጠገብ ስንደርስ ዳር ያዝልኝ አሉ። ያዝኩ። ቦርሳቸውን ደጋግመው አሻሹ።

"አንድ ነገር ልለምንህ፣ እንዳትስቅብኝ" አሉ። "ያቺ ልለው የመጣሁት የይቅርታ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። ለመቃብሩ ብነግረው አልወጣልኝ አለ። አንተ እሱን ትሆናለህ። እስቲ ለአፍታ ሁንልኝና ልበልህ።"

ጊዜው ያ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ሰው አይሰጠውም። እትዬ፣ ባለቤትዎ ያላወቁዎት በበሽታው ብቻ አይደለም፣ ከመምጣትዎ አንድ ቀን ቀድሜ ሞታለች ብዬ የገደልኩዎት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው የጋሽ ሰይፉ ድምፅ ነበር ልላችሁ ዳዳኝ። አይደለም፤ ድምፁ በራሱ አልወጣም፣ እኔ አወጣሁት።

"ጽጌ" አልኩ። "አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለሽም።"

እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ሰይፉ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። "ከልቤ ነው። እግዜርም ይቅር ይበልህ።" እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። እንባቸውን ጠርገው፣ ቀለለኝ አሉ፤ ወርደውም እንደ ልጅ እግር ቀልጠፍ ብለው ወደ ደጃፋቸው ሄዱ።

አሁን ብነግራቸው ያንን እፎይታ እነጥቃቸዋለሁ እላለሁ። ይህም ሰበብ ነው፤ ሳወጣው እያየሁት ነው። የምፈራው ለእሳቸው አይደለም፤ ልጄ ማለታቸው እንዳይቀርብኝ ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። እኔ አውቄ ነገርኩ፤ እኔ ነኝ ያንን አገጭ ተቀምጬ ያጠናሁት። ይቅር ማለት የሚችሉት ሴት አንዴ ይቅር ብለዋል፣ እጄን ይዘው፣ ከልባቸው። ለሟቹ የመጣውን ይቅርታ ተቀብዬ እኔ በላሁት።